የተበላ ብሎንና ተቆላፊ ፒንሳ፦ ስለ መጨበጥና ስለ መጠምዘዝ

(በፋኩልቲያችን የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር በንፋስ መውጫ ከተማ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ)



የዛሬው ርዕሰ ጉዳዬ አንድ የእጅ መሣሪያ ነው፤ ራሱ የተበላን ወይም ዝገት ይዞት አልፈታ ያለን ብሎን ለማውጣት የምንገለገልበት ተቆላፊ ፒንሳ። ርዕሱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ለዚህም ገለጻ ያስፈልገዋል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ያስፈልገዋል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴንም ከአካባቢያችን ተነሥቼ አስረዳለሁ።

በአገራችን ገጠር በብዛት ከተተከሉት የእጅ ፓምፖች አንዱ አፍሪዴቭ የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሲነደፍ ዓላማው የመንደሩ ሰው ራሱ እንዲጠግነው ነበር፤ ስለዚህም ብዙ ዓይነት መሣሪያ እንዳይጠይቅ፣ ዋና ዋና ብሎኖቹም በአንድ መጠን ቁልፍ እንዲፈቱ ተደርጎ ተሠራ። ሐሳቡ ግሩም ነው። ነገር ግን ያ አንዱ ቁልፍ ሲጠፋና በምትኩ መጠኑ የማይገጥም ቁልፍ ወይም ተራ ፒንሳ ሲገባ፣ ባለ ስድስት ማዕዘኑ የብሎን ራስ ጠርዙ እየተላጠ ወደ ክብነት ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ትክክለኛው ቁልፍ ቢመጣም የሚይዘው ነገር አያገኝም። አንዲት የጎማ ማሸጊያ ለመቀየር ተብሎ የተጀመረ አጭር ጥገና እዚያው ላይ ይቆማል፤ ፓምፑም አብሮ ይቆማል፤ ውሃ ቀጂዎቹም ወደ ቀድሞው ምንጭ ይመለሳሉ።

ንፋስ መውጫ ከደብረ ታቦር 75 ኪሎ ሜትር፣ ከባሕር ዳር ደግሞ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከዚህ ተነሥቶ ወደ ታች ጋይንት፣ ወደ ስማዳ ወይም ወደ እስቴ ቀበሌዎች የሚወርድ የጥገና ሠራተኛ መኪናው ካቆመበት በኋላ የሚቀረውን መንገድ ብዙ ጊዜ በእግሩ ይጨርሳል፤ ይዞት የሚሄደውም በትከሻው የሚችለውን ብቻ ነው። የብየዳ ማሽን የለውም፤ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያም የለውም። በትልቅ ከተማ ጋራዥ ውስጥ የተበላ ብሎን የግማሽ ሰዓት ብስጭት ነው፤ በእንዲህ ያለ ስፍራ ግን ብሎኑን የማውጣት ዕድል የሚገኘው አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ነው። ስለዚህ መሣሪያውን ስንመርጥ «የትኛው ጠንካራ ነው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «የትኛው የመጨረሻዋን ዕድል አያበላሽብኝም?» ብለን መጠየቅ አለብን።

ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። የጋራዣችን ቋንቋ ብዙ ቃላቱን ያገኘው ከጣልያንኛ ነው፤ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ሞርሳ፣ ብሎን፣ ዳዶ ሁሉም ከዚያ የመጡ ናቸው። ዛሬ የምንነጋገርበት መሣሪያ ግን በአሜሪካዊው የንግድ ስሙ «ቫይስ ግሪፕ» ወይም በአጭሩ «ግሪፕ» ሲባል ትሰማላችሁ። ስሙ ትርጉም አለው፤ «ቫይስ» ማለት ሞርሳ ነው። መሣሪያውን የፈለሰፈው ዊልያም ፒተርሰን የተባለ፣ ከዴንማርክ ተሰዶ በአሜሪካ ነብራስካ ግዛት ዲ ዊት በምትባል ትንሽ ከተማ የተቀመጠ አንጥረኛ ነው። የሚቀጠቅጠውን ብረት አንድ እጁ እንዳይያዝበት አጥብቆ የሚይዝለት ፒንሳ ፈለገ፤ እ.ኤ.አ. በ1924ም የመቆለፊያ ማንሻ ያለውን ዓይነት የፈጠራ መብት አገኘበት። የገጠር አንጥረኛ ችግር የወለደው መሣሪያ መሆኑን የማነሣው ለጌጥ አይደለም፤ ፍላጎቱ ከእኛ ፍላጎት ጋር አንድ ስለሆነ ነው። ሰውየው የፈለገው ተጨማሪ ኃይል ሳይሆን እጁ ነጻ እንዲሆንለት ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በተራ ፒንሳ ብሎን ስንፈታ እጃችን ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ ይጨብጣል፣ ይጠመዝዛልም። ጡንቻችን ሁለቱን እኩል ማከናወን አይችልም። መጠምዘዙ ሲበረታ ጭብጡ ይላላል፤ ጭብጡ በላላባት ቅጽበት መንጋጋው በብሎኑ ራስ ላይ ይንሸራተትና አንድ ሽፋን ብረት ልጦ ይሄዳል። ተቆላፊው ፒንሳ ሁለቱን ሥራዎች ይለያያቸዋል። መጀመሪያ እንጨብጣለን፤ መሣሪያው ጭብጡን ይይዝልናል፤ ከዚያ በኋላ እጃችን የሚያስበው ስለ መጠምዘዝ ብቻ ነው።

አሠራሩን ለተማሪዎች ባጭሩ ላስረዳ። በእጀታው ውስጥ ሁለት ክንዶች በመገጣጠሚያ ተያይዘዋል። እጀታውን ስንጨምቅ ክንዶቹ ወደ ቀጥታ መስመር ይጠጋሉ፤ ወደ ቀጥታው በተጠጉ ቁጥር ትንሽ የእጅ ኃይል በመንጋጋው ላይ እጅግ ትልቅ ኃይል ይሆናል። ቀጥታውን መስመር በጥቂቱ ሲያልፉ ደግሞ ይቆለፋሉ፤ ከዚያ ወዲያ መንጋጋው ራሱ ወደ ኋላ የሚገፋው ኃይል መቆለፊያውን ያጠብቀዋል እንጂ አይከፍተውም። በእጀታው ጫፍ ያለችው ማስተካከያ ብሎን መንጋጋው ምን ያህል ሲቀራረብ እንደሚቆለፍ ትወስናለች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ማስተካከያዋ ላልታ ከሆነ ፒንሳው ያለ ችግር «ቀጭ» ብሎ ይቆለፋል፤ ጭብጡ ግን ባዶ ነው። ትክክለኛው ልክ እጀታው የሚዘጋው በአንድ እጅ ሙሉ ኃይል ሲሆን ነው። በቀላሉ ከተዘጋ ከፍታችሁ ማስተካከያዋን ሩብ ዙር አጥብቁና እንደገና ሞክሩ።

ታዲያ ጭብጡ ጠንካራ ከሆነ ማንኛውም ተቆላፊ ፒንሳ አይበቃም? አይበቃም። ለምሳሌ የሚሆነን ስሌት እንውሰድ። ኤም 5 የሚባለውን፣ ማለትም የግንዱ ውፍረት 5 ሚሊ ሜትር የሆነውን፣ ድፍን ራስ ያለው መስቀለኛ ብሎን አስቡ። በዓለም አቀፉ መለኪያ መሠረት የራሱ ስፋት 9.5 ሚሊ ሜትር ነው። መንጋጋው በ3,000 ኒውተን ጨበጠው እንበል፤ ዘይት ስለነካው የሰበቃ ውድሩን 0.15 እንውሰድ። በሰበቃ ብቻ የምናገኘው የመጠምዘዝ ኃይል 3,000 በ0.15 በ0.0095 ሲባዛ 4.3 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ጥንካሬው 8.8 የሆነ ኤም 5 ብሎን ግን ሲጠብቅ ብቻ ከ5 እስከ 6 ኒውተን ሜትር ይወስዳል፤ ከዛገ በኋላ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ሰበቃ ብቻውን እንደማያወጣን ስሌቱ ይነግረናል። የመንጋጋው ጥርስ በብሎኑ ራስ ብረት ውስጥ መግባት አለበት፤ ገብቶም መንገድ የሚዘጋ መሆን አለበት።

አሁን የምናገረው ከገለጻዬ ሁሉ ዋነኛው ነው፤ መሣሪያ ስንገዛም ጥቂት ሰው ብቻ የሚመለከተው ነው። የጥርሱ አቅጣጫ።

በፊታችሁ ያለውን የውሃ ጠርሙስ ክዳን ተመልከቱ። በጎኑ ዙሪያ ያሉት ትንንሽ ሽንትሮች ቆመዋል፤ ክዳኑን የሚዞሩ ሳይሆኑ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ናቸው። ጣታችን ሲዞር በእያንዳንዱ ሽንትር ላይ ይደገፋል። ሽንትሮቹ እንደ ቀለበት ክዳኑን የሚዞሩ ቢሆኑ ኖሮ ጣታችን በመስመራቸው ላይ ይንሸራተት ነበር፤ መንገድ ያመቻቹለታል እንጂ አይዘጉበትም። የመንጋጋ ጥርስና የብሎን ራስም ግንኙነታቸው ይኸው ነው። ጥርሱ ከብሎኑ ግንድ ጋር በአንድ አቅጣጫ ሲተኛ ይነክሳል፤ ብሎኑን ዙሪያውን ሲከብበው ይንሸራተታል።

ገበያ ላይ የምናገኘው ተራ ፒንሳም ሆነ ተራ ተቆላፊ ፒንሳ ጥርሱ በመንጋጋው ወርድ ላይ፣ ማለትም የፒንሳውን ቁመት አቋርጦ የተቀረጸ ነው። ይህን መሣሪያ በብሎኑ ጎን በኩል አጋድመን ብንይዘው ጥርሱ ከብሎኑ ግንድ ጋር አንድ አቅጣጫ ይይዛል፤ በደንብም ይነክሳል። አፍንጫውን ወደ ታች ደፍተን ከብሎኑ አናት ላይ ቀጥ አድርገን ብንይዘው ግን ጥርሱ ብሎኑን ይዞራል፤ በዚያ አቅጣጫ የፈለገውን ያህል ብንቆልፈው የቀረውን ጠርዝ ከመላጥ በቀር አይረባንም። አንድ መሣሪያ፣ አንድ ብሎን፣ አንድ እጅ፤ አያያዙ ሲለወጥ ብቻ ውጤቱ ይገለበጣል። በየጋራዡ «ይህ ፒንሳ አይረባም» ሲባል ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው በየት በኩል እንደተያዘ ነው።

ከጎን መያዝ ሌላም ጥቅም አለው። የፒንሳው ቁመት በሙሉ ለመጠምዘዝ ክንድ ይሆነናል፤ ከላይ ስንይዝ ግን የምንጠመዝዘው በአንጓችን ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ ቀላል ነው፤ ከጎን መድረስ ከተቻለ ከጎን ያዙ።

ከጎን የማያደርስ ስፍራስ? ብሎኑ በጉድጓድ ውስጥ ወይም በሁለት ግድግዳ መካከል ሊሆን ይችላል። ለዚህ ኦሳካ የሚገኘው የጃፓኑ ኩባንያ ኢንጂኒየር እ.ኤ.አ. በ2002 «ነጂዛውሩስ» የተባለ ፒንሳ ለገበያ አቀረበ፤ «ነጂ» በጃፓንኛ ብሎን ማለት ነው፣ የቀረው ቲራኖሳውረስ ከሚባለው ጥንታዊ አውሬ ስም የተወሰደ ነው። የዚህ ፒንሳ ምሥጢር አፍንጫው ጫፍ ላይ ጥርሱ በቁመት መቀረጹ ነው። ከላይ ቀጥ ብሎ ሲያዝ ጥርሱ ከብሎኑ ግንድ ጋር አንድ አቅጣጫ ይኖረዋል፤ እንደ ጠርሙሱ ክዳን። ይህን የመሰሉ ፒንሳዎች አሁን በሌሎች ስሞችም፣ ተቆላፊ ሆነውም ይሠራሉ። በእኛ ገበያ ሁልጊዜ አይገኙም፤ ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ የምርት ስም ከመጠየቅ የመንጋጋውን ጫፍ ወደ ብርሃን አዙራችሁ መስመሮቹ ወዴት እንደሚሄዱ ማየት ይበልጣል። በተራው ፒንሳ ጫፍ ላይ በቀጭን ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ ሁለት ሦስት የቁመት መስመር መቅረጽም ይሞከራል፤ ነገር ግን ጥሩ ፒንሳ ከሆነ ጥርሱ ስለጠነከረ ሞረዱን አያስገባውም፤ ሞረዱ በቀላሉ ከገባ ደግሞ ያ ፒንሳ ለዚህ ሥራ የማይሆን ለስላሳ ነው።

ይህ ወደ ጥንካሬ ጉዳይ ይወስደናል። ነካሹ ከሚነከሰው ይጠንክር። 8.8 የሚል ምልክት በራሱ ላይ ያለ ብሎን ጥንካሬው በሮክዌል ሲ መለኪያ ከ22 እስከ 32 ነው፤ 12.9 የሚለው ደግሞ ከ39 እስከ 44 ይደርሳል። የፒንሳው ጥርስ ከዚህ በግልጽ መብለጥ አለበት። ርካሹ ፒንሳ በ8.8 ብሎን ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ሠርቶ ጥርሱ ይደፈጠጣል፤ በ12.9 ላይ መጀመሪያውኑ አይነክስም። በሱቅ ውስጥ መለኪያ ስለማይኖረን ትንሽ ሞረድ በኪስ ይዞ መሄድ ይበቃል። ባለ ሱቁን አስፈቅዳችሁ በመንጋጋው ጥግ አንዱን ጥርስ ቀስ ብላችሁ ፈግፍጉት። ሞረዱ ቢንሸራተት ጠንካራ ነው፤ ብናኝ ቢያወጣ ተዉት። ቀጥሎም መንጋጋውን ዘግታችሁ ወደ ብርሃን አንሡት፤ ሁለቱ ጫፎች እኩል ይገናኛሉ ወይስ አንዱ ወደ ጎን ይሄዳል? መንጋጋውን ይዛችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አወዛውዙት፤ በመጋጠሚያው ካስማ ላይ የሚሰማ ልቅነት ካለ በሥራ ላይ እጥፍ ይሆናል። የሚያብረቀርቅ ልባጥ የጥራት ምስክር አይደለም።

ከጥንካሬ ቀጥሎ መጠን ይመጣል፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ከብዙ ባለሙያዎች ጋር አልስማማም። የተለመደው አስተሳሰብ «ትልቁን አምጣ» የሚል ነው። የኤም 5ን ምሳሌ እንመልሰው። የ8.8 ኤም 5 ብሎን ግንድ በመጠምዘዝ ሊቆረጥ የሚችለው ከ7.6 ኒውተን ሜትር ጀምሮ ነው፤ ኤም 6 ደግሞ ከ13 ኒውተን ሜትር ጀምሮ። በ250 ሚሊ ሜትር ፒንሳ ከመንጋጋው 200 ሚሊ ሜትር ርቀን በ100 ኒውተን ኃይል ብንገፋ፣ ይህም አሥር ኪሎ ግራም እንደማንሣት ያለ ቀላል ግፊት ነው፣ 20 ኒውተን ሜትር እናገኛለን። ኤም 5ቱም ኤም 6ቱም ይቆረጣሉ። መስቀለኛ ራስ ያላቸው ትንንሽ ብሎኖች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት ከዚህ ከሚለሰልስ ብረት ስለሆነ ቀድመው ይቆረጣሉ። ብሎኑን በሚፈታው ኃይልና ብሎኑን በሚቆርጠው ኃይል መካከል ያለው ርቀት እንዲህ ጠባብ ነው። ራሱ የተበላ ብሎን ገና ተስፋ አለው፤ ግንዱ ከወለሉ በታች የተቆረጠ ብሎን ግን መሰርሰሪያ፣ ልዩ ፑንታና ፊሌቶ ማውጫ ይጠይቃል፤ እነዚህ ደግሞ ከመንገድ ርቆ በሚሠራ ሰው ከረጢት ውስጥ የሉም።

ስለዚህ የምመክረው ለኤም 4፣ ለኤም 5ና ለኤም 6 ብሎኖች ከ125 እስከ 175 ሚሊ ሜትር ያለውን ፒንሳ ነው፤ 250 ሚሊ ሜትሩን ለፓምፕ ብሎኖችና ለወፍጮ ሞተር አቆዩት። በጭብጥ በኩል አንቆጥብም፤ በመጠምዘዝ በኩል ግን እንቆጥባለን። መሣሪያው ሁለቱን ሥራዎች ስለለየልን ነው ይህ የሚቻለው፤ እጃችን ከመጨበጥ ድካም ነጻ ስለሆነ ብሎኑ እጅ መስጠት ሲጀምርና ግንዱ እንደ ሰም መለምለም ሲጀምር ያለውን ልዩነት ይሰማል። በስምንተኛ ዙር ያህል ወደ መፍታት፣ ትንሽ ወደ ማጥበቅ፣ እንደገና ወደ መፍታት እያሉ ማመላለስ አንድ ጊዜ በኃይል ከመጠምዘዝ ይሻላል።

ስለ መንጋጋ ቅርጽ ባጭሩ እናገራለሁ። ጎባጣው መንጋጋ ክብና ባለ ስድስት ማዕዘን ነገር በብዙ ነጥብ ስለሚይዝ ለተላጡ ትልልቅ ብሎኖችና ለቧንቧ ጥሩ ነው። ቀጥተኛው መንጋጋ ለትንንሽ የብሎን ራሶች የተሻለ ነው፤ ጫፉ ድረስ ጥርስ ስላለው። ረጅምና ሹል አፍንጫ ያለው ወደ ጠባብ ስፍራ ይገባል፤ ነገር ግን ሲጠመዘዝ ስለሚለመጥ እውነተኛ የተጣበቀ ብሎን አይፈታም። አንድ ነገር ግን ለሁሉም ይሠራል፤ የኤም 4 ድፍን ራስ ከፍታው 3.1 ሚሊ ሜትር፣ የኤም 5 ደግሞ 3.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የላይኛው ክፍል ደግሞ ክብ ስለሆነ ሊያዝ የሚችለው ከሥር ያለው ጠርዝ ነው። የብዙ ፒንሳዎች መንጋጋ ጎኑ የተሞረደ ክብ ጠርዝ ስላለው ወለሉ ላይ ተኝቶ ያንን ጠርዝ አያገኝም። የመንጋጋውን አንድ ጎን በግራይንደር ጥቂት በጥቂት፣ ውሃ እየነከራችሁ፣ ጠርዙ ስል እስኪሆን አስተካክሉት። ውሃው የግድ ነው፤ ብረቱ ሰማያዊ እስኪሆን ከጋለ ጥንካሬውን ያጣል።

ፒንሳውን ከማንሣታችን በፊት ግን ብሎኑ ለምን እንደያዘ መጠየቅ ይገባል። ዝገት ከተፈጠረበት ብረት እጥፍ ያህልና ከዚያም የበለጠ ስፍራ ስለሚፈልግ በፊሌቶው መካከል ተጨናንቆ ብሎኑን ያጣብቀዋል። በሞተር ብስክሌት ላይ ደግሞ የብረት ብሎን ከአሉሚኒየም አካል ጋር እርጥበት ሲያገኛቸው በኤሌክትሮ ኬሚካል መንገድ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው፤ የሚፈጠረው ነጭ ዱቄትም ብሎኑን ይቆልፋል። ዝገት አስለቃቂ ዘይት ወይም ናፍጣ ቀብቶ ማሳደር፣ ከዚያም የብሎኑን አናት በትንሽ መዶሻ ቀጥ አድርጎ ደጋግሞ መምታት ይህን ትስስር ይሰነጥቃል። የጃፓን ሞተር ብስክሌቶች ላይ ያለው መስቀለኛ ቅርጽ ሄንሪ ፊሊፕስ በ1930ዎቹ ካስፋፋው የአሜሪካ ቅርጽ በጥቂቱ እንደሚለይም አትርሱ፤ ብዙውን ጊዜ በራሱ ላይ ትንሽ ነጥብ ይኖረዋል። የፊሊፕስ ካቻቪቴ በዚያ ላይ ጥልቅ ስለማይገባ እየወጣ ይበላዋል። ብዙዎቹ የተበሉ ብሎኖች የተበሉት በዝገት ሳይሆን በካቻቪቴ ነው።

ሙቀትም ይረዳል። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ይሰፋል፤ ስለዚህ አካሉን ማሞቅ ቀዳዳውን ከብሎኑ የበለጠ ያሰፋዋል። በእሳት ነበልባል ማሞቅ ቤንዚን ባለበት ፈጽሞ አይገባም፤ የፈላ ውሃ ግን በየቤቱ አለ። እዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ ጥቂት ይጎዳናል። ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆንን ውሃችን የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ቢሆንም ከጧቱ 15 ዲግሪ ወደ 90 ሲወጣ በ5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ላይ የሚፈጠረው ልዩነት ከሚሊ ሜትር ሺህኛ አራቱ ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ደረቅ ትስስርን ለመስበር ግን ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ተቆላፊ ፒንሳ የማይሠራበትም ቦታ አለ። ራሱ ከወለሉ ጋር እኩል የሰመጠ ብሎን የሚጨበጥ ጎን የለውም፤ እዚያ ላይ በሰጌቶ ስንጥቅ አውጥቶ በጠፍጣፋ ካቻቪቴ መሞከር ወይም መሰርሰር እንጂ ፒንሳ አያስፈልግም። የብየዳ ማሽን ባለበት ደግሞ በተበላው ራስ ላይ ዳዶ በይዶ በቁልፍ መፍታት ከማንኛውም ፒንሳ ይሻላል፤ ጭብጥንም ሙቀትንም በአንድ ጊዜ ይሰጣል።

ጥያቄ ካላችሁ በደስታ እቀበላለሁ።

(አንድ አንጋፋ የጋራዥ ባለሙያ፦ ፒንሳው ከተቆለፈ በኋላ እጀታውን በመዶሻ መምታት ልማዳችን ነው፤ ጉዳት አለው ወይ?)

ጋሼ፣ ልማዱ መሠረት አለው። ድንገተኛ ምት ከዝግተኛ ግፊት ይልቅ ዝገትን ይሰብራል። የሚመታው ግን ወደ መፍቻው አቅጣጫ፣ ለመንጋጋው በቀረበ ቦታ፣ በትንሽ መዶሻ ይሁን። በእጀታው ጫፍ ላይ ቢመታ ክንዱ ይረዝምና ያንኑ የመቁረጥ አደጋ እናመጣለን፤ የመጋጠሚያው ካስማም ቶሎ ይላላል። ከሁለት ሦስት ምት በኋላ መቆለፊያው ልል እንዳልሆነ መመልከትም ይገባል።

(አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦ አንድ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው የትኛውን ይግዛ?)

ጥሩ ጠየቅሽ። እኔ ብሆን ቀጥተኛ መንጋጋ ያለውን 175 ሚሊ ሜትር እገዛለሁ። በርዝመቱ የትንሽ ብሎንን ግንድ ለመጠበቅ ይመቻል፤ አፉም ለአብዛኛው የፓምፕ ብሎን ራስ ይከፈታል፣ እዚያ ላይ ክንድ ቢያጥረውም። ጎባጣውን ያልመረጥሁት በአንድ ምክንያት ነው። ክብ የሆነን የብሎን ራስ ግራና ቀኙን በሞረድ ሞርደሽ ሁለት ትይዩ ጠፍጣፋ ጎኖች ብታወጪለት መያዣሽ በሰበቃና በጥርስ ብቻ ሳይሆን በቅርጽም ይሆናል፤ ቀጥተኛው መንጋጋ እንደ ቁልፍ ይገጥመዋል፤ ቀደም ብለን ያሰላነው የ4.3 ኒውተን ሜትር ገደብም ይነሣል። ከፒንሳው የተረፈሽን ገንዘብ ለሞረዱ አውጪው፤ ጠፍጣፋ፣ ጥርሱ ደቃቅ፣ አንድ ጎኑ ደግሞ ጥርስ የሌለው ይሁን፤ ያ ለስላሳ ጎን ከብሎኑ ሥር ያለውን ወለል እንዳትፍቂው ይጠብቅሻል።